በሽማግሌዎች ምድብ አምስተኛ የወጣሁ ዕለት

ብስክሌት መወዳደር የጀመርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ሰው ቢጀምር መነጽር ነው የሚጀምረው። ደግሞ ልጅነቴን ብስክሌት ላይ ያሳለፍኩ እንዳይመስላችሁ። በልጅነቴ የሰው ብስክሌት ከኋላ ገፍቻለሁ፣ ባለቤቱ ሲወድቅ ስቄያለሁ፣ ከዚያ ያለፈ የስፖርት ታሪክ የለኝም።

ነገሩ የሆነው ካርቱም ውስጥ ነው፤ ከጦርነቱ በፊት፣ ከተማዋን በትራፊክ መጨናነቋ ብቻ በምናማርርበት ዘመን። ያንን ማማረር ዛሬ ሳስበው ይናፍቀኛል። እኔና ባለቤቴ ብርቄ የምንኖረው ዴም ነበር፤ ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር ነው። እሷ እዚያው ጸጉር ትሠራለች። እኔ ደግሞ ባሕሪ፣ ከዓባይ ማዶ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ሳሙና እቆርጣለሁ። አገር ቤት ሳለሁ ዓባይን በዓይኔ አይቼው አላውቅም፤ እዚህ በቀን ሁለት ጊዜ እሻገረው ጀመር። መሻገር ስል እኔ ሀፍላው ውስጥ ቆሜ፣ ሀፍላውም ኮብሪው ላይ ቆሞ ነው። ሀፍላ ሚኒባሱ ነው፣ ኮብሪ ድልድዩ ነው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ እስር ቤት ናቸው።

አሥራ ስድስት ዓመት እንደዚያ ከተሻገርኩ በኋላ አንድ ቀን መረረኝና ሱቅ ዐረቢ የሚሉት ገበያ ሄጄ ብስክሌት ገዛሁ። እነሱ አጀላ ይሏታል። የኔዋ አጀላ ከአልጋችን ትከብድ ነበር። ፍሬኗም የሚይዘው ከቆመች በኋላ ነው።

አንድ ጠዋት፣ ኮብሪው ወደ ባሕሪ በሚያዘቀዝቅበት በኩል፣ ፍሬኗ ጭራሽ እምቢ አለኝ። መኪናው በሁለት ረድፍ ተገትሯል። እኔ በመሃል «እመቤቴ! እመቤቴ ድረሽልኝ!» እያልኩ በረርኩ። ደግነቱ ከኮብሪው ግርጌ ሐብሐብ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ ሐብሐቡ አቆመኝ። ለሰውዬው ደግነት ነበር ማለቴ ግን አይደለም። ከሐብሐቡ መሃል ተነስቼ ልብሴን ሳራግፍ፣ አንድ ቦርጫም ሰው ከመኪናው ወርዶ እያለከለከ መጣ። የባለ ሐብሐቡ ወንድም መስሎኝ ለይቅርታ እጄን ዘረጋሁ። ያዘና ጨበጠኝ።

«ያ ሐበሺ! ኮብሪው ላይ ቀደምከኝ እኮ! እኔ መኪና ውስጥ ነኝ፣ አንተ በአጀላ ቀደምከኝ!»

«መኪናህ ቆሞ ነበር» አልኩት።

«ሁሉንም ነው የቀደምከው፣ ወላሂ!»

«ሁሉም ቆመው ነበር።»

«ከየት ነህ? ከተራራው ነህ?»

«ከደብረ ብርሃን።»

«ሳንባ!» ብሎ ደረቴን በመዳፉ መታው።

ይህ ሰው ካብተን ሙርተዳ ነበር፤ የባሕሪ አንድ ትንሽ የብስክሌት ክለብ አሠልጣኝ። እዚያ አገር ሐበሻ መሆን ማለት ሯጭ መሆን ማለት ነው። ዳቦ ልትገዛ ብትወጣ «ትሮጣለህ?» ይሉሃል። እኔ ለሀፍላ እንኳ ሮጬ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ ካመለጠኝ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ። ይህንን ለካብተን ሙርተዳ በግልጽ ነገርኩት። ትሕትና መሰለውና ይበልጥ ወደደኝ። በሳምንቱ የክለቡን የውድድር ብስክሌት በውሰት ሰጠኝ።

እዚህ ላይ ካላመንኩ ውሸታም እሆናለሁ፤ ብስክሌቷን እንዳየኋት ወደድኳት። በሁለት ጣት ትነሳለች። ማርሽ ስትቀይር ድምፅ የላትም። ቤት ወስጄ ከአልጋችን በላይ ግድግዳው ላይ ልሰቅላት ስል ብርቄ ወገቧን ይዛ ቆመች።

«ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ በላይ አጀላ አይሰቀልም! ማ ሙምኪን!» አለች።

አይቻልም ማለቷ ነው። ብርቄ ዐረብኛውን ከኔ አስበልጣ እንደ ውሃ ትናገራለች፤ ስትቆጣ ሁለቱንም ቋንቋ አንድ ላይ ነው የምታወርደው። ስለዚህ ብስክሌቷ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል በታች፣ ከራስጌያችን በላይ ዋለች። ፔዳሏ ግንባሬን እየመታኝ ነበር የምነቃው።

ካርቱም ውስጥ የዕረፍት ቀን ዓርብ ነው፣ ስለዚህ ውድድር ሁሉ ዓርብ ነው። ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ካብተን ሙርተዳ እንቁላል ብላ፣ ወተት ጠጣ ይለኛል። ብርቄ ዓርብ ዕለት ወተት ከንፈሬን ቢነካ ጆሮዬን ይዛ ነፍስ አባታችን ዘንድ የምታደርሰኝ ሴት ናት። ስለዚህ የምወዳደረው በፉል ነበር። ፉል ጥሩ ምግብ ነው፤ ሃያ ኪሎ ሜትር አብረውት ለመጓዝ ግን አይመችም፣ በተለይ ከኋላ ለሚመጣ ሰው። ደግነቱ ከኋላዬ የሚመጣ ሰው አልነበረም።

የመጀመሪያው ውድድሬ ዕለት ክለቡ የሰጠኝን ጥብቅ ቁምጣ ለብሼ ብቅ ስል ብርቄ ነጠላዋን ወረወረችብኝ። «አንተ ሰው፣ ይሄ የውስጥ ነው የውጭ?» አለችኝ። ሱሪ ደርቤበት ሄድኩ። ቁምጣው ውስጥ ደግሞ ስፖንጅ አለው። ስፖንጁ የት እንደሚውል የነገረኝ የለም። ወንድ ልጅ የሚጠብቀው የፊቱን ነው ብዬ በራሴ ግምት ስፖንጁን ወደ ፊት አድርጌ ለበስኩ። መነሻው ላይ ተወዳዳሪዎቹ ሁሉ በአክብሮት ያዩኝ ነበር፤ ምክንያቱ የገባኝ ዘግይቶ ነው። መጨረሻ ወጣሁ፤ ሦስት ቀንም ሳሙና የቆረጥኩት ቆሜ ነው።

በዓመቱ ሁለተኛው ውድድር መጣ። ቁምጣውን አስተካክዬ ለበስኩ፣ መንገዱን ግን ሳትኩ። ከፊቴ አንድ ብስክሌት ነጂ አየሁና ዛሬስ አንድ ሰው እቀድማለሁ ብዬ በሙሉ ኃይሌ ተከተልኩት። ሰውዬው ጎበዝ ነው፣ ትንፋሼን አስጨረሰኝ። በመጨረሻ ዳቦ ቤት በር ላይ ወረደ። ዳቦ አመላላሽ ነበር። ጠይቄ ጠይቄ ወደ ውድድሩ ስመለስ የማብቂያው መስመር የለም። ባነሩን አጥፈው፣ ወንበሩን ጭነው ሄደዋል። አንዲት ሻይ ሻጭ ብቻ ከሰሏን እያጠፋች ነበር።

«ኸላስ፣ ያ ሐጅ» አለችኝ በሐዘኔታ። «አልቋል፣ ሄደዋል።»

ሐጅ መካ ደርሶ ለመጣ ሰው የሚሰጥ ማዕረግ ነው፤ ከአፍ እንደመጣም ለሽማግሌ ሁሉ ይባላል። እኔ መካ አልሄድኩም፣ አንገቴ ላይ ማተብ አለ፣ ያኔ ዕድሜዬም ገና አርባ ሦስት ነው። ግን ውድድሩን መጨረሴን የምትመሰክርልኝ እሷ ብቻ ስለነበረች አላረምኳትም።

ከዚያ በኋላ ካብተን ሙርተዳ አስጠራኝ። ፊቱ ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ፊት ይመስል ነበር።

«ያ ሐበሺ፣ እወድሃለሁ። ክለቡ ግን ያለው ስድስት አጀላ ብቻ ነው፣ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው። ሦስተኛ ጊዜ መጨረሻ ከወጣህ አጀላዋን ትመልሳለህ። አሸንፍ አላልኩህም። አንድ ሰው ቅደም። አንድ ሰው ብቻ።»

አንድ ሰው! ቀላል ይመስላል አይደል? እኔ ግን በዓለም ላይ ያንን አንድ ሰው ከየት እንደማመጣው ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ። ብስክሌቷን መመለስ ማለት ለሌላው ሰው ብስክሌት መመለስ ነው። ለኔ ግን ካርቱም ከገባሁ ጀምሮ ኑሮዬ ሁሉ መጠበቅ ነበር። ወረቀት ስጠብቅ፣ ማህተም ስጠብቅ፣ ሀፍላ ስጠብቅ፣ አገሬ እስክትረጋጋ ስጠብቅ። ብስክሌቷ ላይ ሆኜ ኮብሪውን ስሻገር፣ የወንዙ ንፋስ ሸሚዜን ሲነፋው፣ የምጠብቀው ነገር አልነበረም። ያቺን ሩብ ሰዓት መልስ ነው የሚሉኝ። ያን ጊዜ የፈራሁትን ያህል ኢቃማዬን ፖሊስ ሲጠይቀኝ እንኳ ፈርቼ አላውቅም።

ያዳነኝም ያጠፋኝም ያው ኢቃማ ነው። ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃዳችን ነው። ካርቱም እንደገባሁ ወረቀት ሲያወጡልኝ የተወለድኩበትን ዓመት ጠየቁኝ። እኔ በኛ አቆጣጠር ነገርኳቸው፣ እነሱ በፈረንጁ ጻፉት። በሁለቱ አቆጣጠር መሃል ያለችው ሰባት ስምንት ዓመት በአንድ የብዕር ጭረት ትከሻዬ ላይ ተጫነች። ላስተካክል ብዬ ስመለስ ጸሐፊው «ታዲያ ያኔ ዋሽተኸናል?» አለኝ። ዋሽቻለሁ ካልኩ ጣጣ ነው፤ አልዋሸሁም ካልኩ ዓመቶቹ የኔ ናቸው። ዓመቶቹን ተቀብዬ ወጣሁ።

ለሦስተኛው ውድድር ልመዘገብ ስሄድ የክለቡ ጸሐፊ ኢቃማዬን አየ፣ እኔን አየ፣ መልሶ ኢቃማዬን አየ።

«ሃምሳ ሁለት ዓመትህ ነው! ከነዚህ ጎረምሶች ጋር ምን ትሠራለህ? ከሃምሳ በላይ ለሆኑት ምድብ አለን እኮ!»

ዝም አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጣፋጭ ዝምታ ዝም ብዬ አላውቅም። ሽማግሌ! ሽማግሌ እንኳ አልቀድምም?

ለብርቄ አልነገርኳትም። እሷ ዕድሜ ላይ ቀልድ አታውቅም። አንድ ጊዜ ምሳ ይዤላት ጸጉር ቤት ስሄድ አንዲት ደንበኛ «አባትሽ መጡ» ብትላት ሳምንት ሙሉ አኮረፈች። ያኮረፈችው ደንበኛዋን አይደለም፣ እኔን ነው።

ዓርቡ ደረሰ። ባሕሪ የፋብሪካው ሰፈር ዓርብ ጭር ይላል፤ እዚያ ነበር የምንዞረው። ጎረምሶቹ አሥር ዙር ዞረው ጨረሱ። ቀጥሎ እኛ ስድስት ሽማግሌዎች አምስት ዙር ልንዞር ተሰለፍን። አራቱን ሳያቸው ተስፋ ቆረጥኩ፤ እግራቸው እንጨት ነው። አምስተኛው ግን ዐም ኢድሪስ ነበር፤ ዐም አጎት ማለት ነው። ዐም ኢድሪስ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ የስልሳ ዘጠኝ ዓመት አዛውንት። ጥምጣሙን አልፈታም። ብስክሌቱ ከኋላ ዕቃ መጫኛ፣ ከፊት ደወል አላት፤ ዕቃ መጫኛው ላይ ሽንኩርት ታስሯል፣ ከገበያ ሲመጣ በዚያው ጎራ ብሎ ነው። አምላኬን አመሰገንኩ። ያ አንድ ሰው ተገኘ።

ተነሳን። አራቱ እንጨቶች ወዲያው ከዓይን ጠፉ። እኔና ዐም ኢድሪስ ቀረን። ቀደመኝ። ተከተልኩት። ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። ዐም ኢድሪስ አንድ የሚያውቀውን ሰው አየና ፍሬን ያዘ።

የሱዳንን ሰላምታ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። «እንዴት ነህ» ብሎ ማለፍ እዚያ ስድብ ነው። ጤናህ፣ ቤትህ፣ ልጆችህ፣ እናትህ፣ የእናትህ ጉልበት፣ ሁሉም በስሙ ይጠየቃል፤ የተጠየቀውም ተራውን ይጠይቃል። ዐም ኢድሪስ ደግሞ ተወልዶ ያደገው ባሕሪ ነው። የማያውቀው ሰው የለም። እሱ የአንዱን ሰው ቤተሰብ ጠይቆ ሲጨርስ እኔ መቶ ሜትር ሄጃለሁ። ከዚያ ደወሉ ከኋላዬ ይሰማል፤ ቅልንግ፣ ቅልንግ። ሲያልፈኝ «አይዞህ ልጄ» ይለኛል። ልጄ!

ሁለተኛው ዙር ላይ የለቅሶ ድንኳን ነበር። ወርዶ ገባ። እጁን ዘርግቶ ጸሎት አደረሰ፣ ስለ ሟቹ ተጨዋወተ፣ ሻይ ጠጣ። በልቤ «ነፍስ ይማር» ብዬ በአምስት ደቂቃ ልዩነት መራሁ። ወጥቶ ደረሰብኝ። ሦስተኛው ዙር ላይ ሽንኩርቱን ቤቱ አደረሰ። ደረሰብኝ። አራተኛው ላይ ሁለት የተጣሉ ሰዎች አስታረቀ። እውነቴን ነው፣ አስታረቀ፣ ግንባር አሳሳመ፤ ደረሰብኝ። እኔ እግሬ ተሳስሮ፣ ፉሉ ጉሮሮዬ ላይ ወጥቶ፣ የስምንት ዓመት ማጭበርበሬን ይዤ አንድ አዛውንት መቅደም አልቻልኩም። አልቅሼ ልወርድ ምንም አልቀረኝም።

አምስተኛው ዙር፣ ማብቂያው ሊደርስ ሦስት መቶ ሜትር ሲቀረው፣ ዐም ኢድሪስ ከፊቴ ነው። አለቀልኝ አልኩ። በዚያች ሰዓት ከአንድ ሀፍላ አንድ ሻንጣ የያዘ ሰው ወረደ። ዐም ኢድሪስ ጮኸ፣ ሰውዬውም ጮኸ። ለካ ባቡር ላይ አብረው የሠሩ ናቸው፤ ከጡረታ ወዲህ አልተያዩም። ብስክሌቱን መሬት ላይ ጥሎ ተቃቀፉ፣ ተላቀሱ። ደግ ሰው ቢሆን በዚህ ልቡ ይነካ ነበር። እኔ ፔዳሉን ረገጥኩ። ጥርሴን ነክሼ ረገጥኩ። ከኋላዬ ደወሉን ሰማሁ፣ ቅልንግ፣ ቅልንግ፣ እየቀረበ መጣ። በአንድ ጎማ ቀደምኩት።

አምስተኛ! ከስድስት አምስተኛ! ካብተን ሙርተዳ አቅፎ አነሳኝ። ብስክሌቷን አቅፌ መሪዋን ሳምኩ። የኔ ናት፣ ቀረችልኝ።

ብርቄ በፔርሙስ ከርከዴ ይዛ፣ ከጸጉር ቤት ደንበኛዋ ጋር ቆማ ታጨበጭባለች። እንዲህ ስታጨበጭብልኝ ከሠርጋችን ወዲህ አላየሁም። ያን ጊዜ ካብተን ሙርተዳ ማይክሮፎኑን አነሳ።

«አሁን ደግሞ ለሐበሺው ወንድማችን አጨብጭቡ! በሃምሳ ሁለት ዓመቱ፣ ማሻአላህ፣ ከሽማግሌዎቻችን ጋር...»

የብርቄ እጅ አየር ላይ ቀረ። ደንበኛዋ ዞር ብላ አየቻት። ቀጥሎ የማስታውሰው ብርቄ ሰውን እየገፈተረች ወደ ጠረጴዛው ስትሄድ ነው።

«ራጅሊ ማ ዐጁዝ!» አለች። ባሌ ሽማግሌ አይደለም ማለቷ ነው። «ማነው ሃምሳ ሁለት ያለው? ወረቀቱ ተሳስቶ ነው! የኛ ዓመት ከናንተ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ነው፣ ቁጠር፣ ያላ ቁጠር! አርባ አራት ነው! እኔ ሽማግሌ አላገባሁም!»

የክለቡ ጸሐፊ በጣቱ ቆጠረ። መልሶ ቆጠረ። ሒሳቡ ልክ ነው። ብርቄ ያንን ኢቃማ የጻፈው ቢሮ ያልገባውን ነገር በአንድ ደቂቃ አስረዳች፤ እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ያቃተኝን።

ዐም ኢድሪስ ጣልቃ ገባ። «ያ ጀማዓ፣ ተዉት» አለ። «በዕድሜው ወጣት ይሁን። በአነዳዱ ግን ሽማግሌ ነው፣ ከኋላው ሆኜ አይቻለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ካብተን ሙርተዳ ብቻ አልሳቀም። «ያ ሐበሺ፣ አንተው ንገረኝ። ስንት ዓመትህ ነው?» አለኝ።

ብስክሌቷን አየሁ። ሃምሳ ሁለት ብል መንግሥት ያተመው ወረቀት ምስክሬ ነው፣ ማንም አይነካኝም። ብርቄን አየሁ። ፔርሙሱን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ደንበኛዋ ፊት ቆማለች።

«አርባ አራት» አልኩ።

ጸሐፊው ስሜን ከሽማግሌዎቹ ሰርዞ ከጎረምሶቹ ግርጌ ጻፈው፤ አሥሩን ዙር ሳይጨርስ አምስት ብቻ የዞረ፣ መጨረሻ። ሦስተኛ ጊዜ። ዐም ኢድሪስ አምስተኛ ሆነ። ካብተን ሙርተዳ መሪዋን ከእጄ ሲወስድ ዓይኔን አላየም። ወዲያውኑ ለዐም ኢድሪስ ሰጠው፤ በወረፋው ቀዳሚ እሱ ነበር ለካ።

እኔና ብርቄ ኮብሪውን በእግር ተሻገርን። መሃል ላይ ስንደርስ ቆመች።

«አጀላዋን እንደሚወስዱብህ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ዝም ትይ ነበር?»

ወንዙን እያየች አሰበች። «አልልም» አለች። ከዚያ ክንዴን ያዘች። «ስምንት ዓመት አስመለስኩልህ እኮ። ቀላል ነው?»

ስምንት ዓመት። ምን አደርግበታለሁ? ኮብሪው ላይ ስጠብቅ አሳልፈዋለሁ። ይህንን ግን አልነገርኳት፤ ክንዴን የያዘችው አጥብቃ ነበር።

በሳምንቱ ሀፍላ ተሳፈርኩ። እንደ ድሮው ቆሜ፣ የሰው ክርን ጆሮዬ ላይ። ኮብሪው መሃል ላይ እንደ ድሮው ቆመ። አንድ ጺሙ ጥጥ የመሰለ ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝና እየተንጠራራ ከወንበሩ ተነሳልኝ።

«ተፈደል፣ ያ ሐጅ» አለኝ።

አርባ አራት ዓመቴ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። ጉልበቴ ግን ቀድሞኝ ተቀመጠ። ያን ጊዜ በመስኮቱ በኩል ቅልንግ፣ ቅልንግ የሚል ነገር ሰማሁ። ዐም ኢድሪስ ነው፣ በኔ ብስክሌት። ደወሉን አስሮባታል፣ ዕቃ መጫኛ አስበይዶባታል፣ ሽንኩርት ጭኖባታል። ጥምጣሙን ንፋስ እየነፋው፣ ሹፌሮቹን በየስማቸው ሰላም እያለ፣ ሀፍላውንም መኪናውንም አንድ ሳያስቀር ቀደመ። ሁላችንም ቆመን ነበር።